ሪቪው የሠራችሁልን ጌሙን እስከ የት ተጫውታችሁት ነው?

ባለ ጌም ቤት | ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ከመጻፌ በፊት ሦስት ሳምንት አሰብኩበት፤ በንዴት መጻፍ አልፈለግኩም።

እዚህ ባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አጠገብ አራት ማሽን ያላት ጌም ቤት አለችኝ፤ ሁለቱ ፕሌይስቴሽን 4፣ ሁለቱ ፕሌይስቴሽን 3። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ሒሳቡ በጌም ነው፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ስለዚህ እኔ ቤት የሚያዋጣ ጌም ሁለት ልጅ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ፣ ሁለት ጆይስቲክ ይዞ፣ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም የሚገጥምበት ነው፤ በ10 እና በ15 ደቂቃ ውስጥም አሸናፊና ተሸናፊ መለየት አለበት። ግራፊክሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ኳስ ብቻ ሆነብን የሚሉ ልጆች ስለበዙ አንድ የመኪና ውድድር ጌም ልጨምር አልኩ። በአማርኛ የተሠራ ሪቪው፣ ማለትም የጌም ግምገማ ቪዲዮ፣ ፈልጌ አገኘሁ። 14 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ አየሁት። ስለ መኪኖቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሞተሩ ድምፅ በደንብ ይናገራል፤ የልጁ አንደበትም ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ «ከጓደኛ ጋር ለመጫወት ከዚህ የተሻለ የለም» አለ። ገዛሁት፤ የሁለት ሳምንት ገቢዬ ወጣበት።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ከፈትኩት። ሁለተኛው ጆይስቲክ አልሠራ አለ። የጆይስቲኩ ችግር መስሎኝ ቀየርኩ፤ ገመድ ቀየርኩ፤ ማሽን ቀየርኩ። ልጆቹ ቆመው ያዩኛል። በመጨረሻ ሜኑውን አንድ በአንድ ሳገላብጥ ነገሩ ገባኝ። «ከጓደኛ ጋር» የተባለው በኢንተርኔት ነው፤ ጓደኛዬ በራሱ ቤት በራሱ ማሽን፣ እኔ በራሴ። ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ መጫወት የሚባል ነገር ጌሙ ውስጥ ጭራሽ የለም።

የልጁን ስም አልጠራም፤ እንዲሰደብም አልፈልግም። ጥያቄዬ ግን ይኸውላችሁ። ያን ጌም 2 ሰዓት ይጫወተው 20 ሰዓት አላውቅም፤ አልነገረኝም። ሁለተኛ ጆይስቲክ አንዴ ቢሰካ ኖሮ ግን በአንድ ደቂቃ ያውቀው ነበር። ጌም የሚገመግም ሰው፣ ጋዜጠኛ በሉት ዩቲዩበር፣ ከመናገሩ በፊት ለእኛ ለሚሰሙት ምን ያህል መዘጋጀት አለበት? መጨረስ አለበት? ጎበዝ ተጫዋች መሆን አለበት? ወይስ ሌላ ነገር ነው የሚገባን?

ፖሊ 4ኛ ዓመት | ሰኞ፣ ማታ 3፡42

አይዞህ ወንድሜ። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ጌሙን ያልጨረሰ አይናገር፤ መጫወት የማይችልም አይናገር። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይሉ የለ?

በ2017 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጀርመን ኮሎኝ ጌምስኮም በሚባለው የጌም ኤግዚቢሽን ላይ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አንድ አንጋፋ አሜሪካዊ የጌም ጋዜጠኛ ካፕሄድ የሚባለውን ጌም ሲሞክር የሚያሳይ 26 ደቂቃ ቪዲዮ ወጣ። ገና መማሪያው ክፍል ላይ፣ ምን መጫን እንዳለበት ግድግዳው ላይ ተጽፎለት፣ አንዲት ዝላይ አቅቶት ደጋግሞ ይወድቃል። የጌም ጋዜጠኞች ጌም አይችሉም የሚለው ክርክር ያኔ ነው ዓለምን ያዳረሰው። የኳስ ተንታኝ ኦፍሳይድ ካላወቀ ማን ይሰማዋል?

ደንገል | ሰኞ፣ ማታ 4፡15

ፖሊ፣ ታሪኩን ሙሉውን ንገረው እንጂ። ቪዲዮው ሲወጣ አጫወቱ አሳፋሪ መሆኑ ርዕሱ ላይ ተጽፎ ነበር። ጌሙ ያኔ ገና አልወጣም፤ ለገበያ የቀረበው በመስከረም መጨረሻ ነው። ሰውዬው ጌሙ መጥፎ ነው ብሎ አልፈረደም፤ ከባድ ነው፣ እኔም ደካማ ነኝ አለ። ያንን ቪዲዮ አይቶ የተታለለ ሰው የለም። እንዲያውም እንደ እኔ ያለ ጣቱ የማይፈጥን ሰው ጌሙ ምን እንደሚጠብቀው አወቀበት።

ያው ሰው ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ በ2007 የሠራው ስህተት ግን ለዚህ ክርክር ይበልጥ ይጠቅማል። ማስ ኢፌክት የሚባለውን ጌም ሲገመግም፣ ገጸ ባሕሪው እየበረታ ሲሄድ የሚያገኛቸውን ነጥቦች ክህሎት ላይ ማዋል እንዳለበት ሳያውቅ ተጫውቶ ጌሙን ክፉኛ ተቸው። በኋላ ስህተቱን በይፋ አመነ። ሁለቱን አስተያዩልኝ። በ2017 ጣቱ አልታዘዝ አለው፤ ያ ማንንም አልጎዳም። በ2007 ሜኑውን አልከፈተም፤ ያ አንባቢውንም ጌሙን የሠሩትንም ጎዳ። ባለ ጌም ቤትን ያከሰረው የትኛው ነው? ሁለተኛው ነው። ልጁ መኪና መንዳት አቅቶት አይደለም፤ ሜኑውን ስላላየ ነው።

መጨረስ የሚለው ደግሞ ሁሌ አይሆንም። የ2015ቱ ጌም ዊቸር 3 ዋናው ታሪክ ብቻ 50 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ጥጋጥጉን ሁሉ ላዳርስ ካልክ ከ100 ሰዓት ያልፋል። ጋዜጠኛው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት ቀን ነው። የኳስ ጌምስ? መቼ ነው የሚያልቀው?

ጋሼ ሬዲዮ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ልጆቼ፣ እኔ ጌም አልጫወትም፤ ይህን ውይይት ያሳየኝ ልጄ ነው። ለብዙ ዓመት ሬዲዮ ላይ ስፖርት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ስለ መዘጋጀት የምለው አለኝ።

ለ90 ደቂቃ ጨዋታ የሦስት ቀን ዝግጅት ነበረን። ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን ከውጭ ጣቢያ በአጭር ሞገድ እያዳመጥን የተጫዋቹን ስም እንዴት እንደሚጠሩት በፊደል እንጽፋለን፤ በካርቶን ላይ ቁጥሩን ከስሙ ጋር እናዛምዳለን። አንድ ቀን ይህን ሳላደርግ ገባሁና ጎሉን ላላገባው ሰው ሰጠሁት። ዳንግላ ያለ አንድ አድማጭ ደብዳቤ ጻፈልኝ። «እኔ ቴሌቪዥን የለኝም፤ የማየው በእርስዎ ዓይን ነው» ይላል። ደብዳቤው እስከ ዛሬ አለኝ።

ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ሜዳውን አያይም፤ የምትነግረውን ነው የሚያየው። ባለ ጌም ቤቱም ጌሙን ሳይገዛ ሊያየው አይችልም። የአድማጩ መታመን ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ራሱ ሊያጣራው የማይችለውን ነገር አንተ ልታጣራለት ነው የተቀመጥከው። ተጫዋች መሆን አያስፈልግህም፤ እኔ ኳስ መትቼ አላውቅም።

ካሜራና ጆይስቲክ | ማክሰኞ፣ ቀን 6፡05

ሰላም። በአማርኛ የጌም ቪዲዮ ከሚሠሩት አንዱ ነኝ፤ የምኖረውም እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ባለ ጌም ቤት ያየውን ቪዲዮ የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ግን ትናንት ማታ ይህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ቪዲዮዎች መለስ ብዬ አየሁ። ሁለተኛ ጆይስቲክ ሳልሰካ «ለሁለት» ያልኩባቸው 5 ቪዲዮዎች አገኘሁ። አምስት። አንዳቸውም ላይ ስንት ሰዓት እንደተጫወትኩ አልተናገርኩም።

ያለንበትን ሁኔታም ግን እወቁልኝ። ኩባንያዎቹ ጌሙን ከመውጣቱ በፊት ለታላላቅ ሚዲያዎች ይልካሉ፤ እስከዚህ ቀን እስከዚህ ሰዓት ዝም በሉ ይሏቸዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይዘጋጃሉ። ለእኛ የሚልክልን የለም። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አገራችን ውስጥ በይፋ አይሰጥም፤ አካውንት የምንከፍተው የሌላ አገር ነዋሪ ነን ብለን ነው። የምገዛው ውጭ ያለ ዘመድ በሚልክልኝ ካርድ ነው። ዳታ ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት ጌሙን ከአዲስ አበባ በሃርድ ዲስክ ነበር የማስመጣው። ጌሙ እጄ ሲገባ ሌላው ዓለም ተወያይቶበት ጨርሷል፤ ስለዚህ እቸኩላለሁ። በአራት ሰዓት ጨዋታ ቪዲዮ አወጣለሁ። የቀረውን የምሞላው ከውጭ ሪቪው ከሰማሁት ነው። «ከጓደኛ ጋር» የሚለውም እንዲሁ ነው የሚገባው፤ እነሱ ሲሉ ሰምቼ። እነሱ ጓደኛ ሲሉ ኢንተርኔት ማለታቸው እንደሆነ ልብ አላልኩም።

ባለ ጌም ቤት | ማክሰኞ፣ ቀን 6፡40

ካሜራ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ይህን በአደባባይ መናገር ቀላል አይደለም። አራት ሰዓት መጫወትህ ምንም አይደለም እኮ። «አራት ሰዓት ተጫውቻለሁ፣ ብቻዬን፣ ኢንተርኔት ተገናኝቶ» ብትለኝ ለእኔ በቂ ነው። የቀረውን ራሴ እጠይቃለሁ።

ጋሼ፣ የዳንግላው ሰው የተናገረው ውስጤ ገባ። እኔም ቤት የሚመጣ ልጅ የሚያየው በእኔ ዓይን ነው።

ቀበሌ 14 | ማክሰኞ፣ ቀን 8፡20

ስለ ኢንተርኔት ካነሳችሁ፦ ግራን ቱሪስሞ 7 የሚባለው የመኪና ውድድር ጌም በመጋቢት 2022 መጀመሪያ ወጣ፤ ብዙ ሪቪው አወደሰው። ብቻህን የምትጫወተው ክፍል ሳይቀር አብዛኛው ኢንተርኔት ይፈልጋል። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ አፕዴት ሲደረግ ሰርቨሩ ከ30 ሰዓት በላይ ጠፋ፤ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው ብቻውን እንኳ መንዳት አቃተው። እዚያ ለሚኖር ሰው የአንድ ቀን ተኩል ብስጭት ነው። መብራትና ኔትወርክ እየመጣ ለሚሄድበት ሰው ግን ይህ የግምገማው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መሆን ነበረበት።

ፖሊ 4ኛ ዓመት | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ደንገል ያልሽውን ስከራከርበት ዋልኩ፤ ሳይበርፐንክ 2077 የሚባለው ጌም ላይ ስደርስ ሐሳቤ ተሰበረ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2020 ነው የወጣው። ኩባንያው ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የሰጠው የኮምፒውተር ቅጂ ብቻ ነበር፤ የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ ቅጂ አልሰጠም። ራሳቸው የቀረጹትን ምስል እንዲያሳዩም አልፈቀደም፤ ኩባንያው ያዘጋጀውን ብቻ እንጂ። ከገምጋሚዎቹ መካከል ዋናውን ታሪክ የጨረሱ ነበሩ። ከፍተኛ ነጥብ ሰጡ። ሰው ግን በፕሌይስቴሽን 4 ሲከፍተው ጌሙ ይንተባተባል፣ ይቋረጣል፣ የሰው ፊት ሳይሞላ ይቀራል። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በሳምንቱ ገደማ ከመደብሩ አወጣው፤ የተመለሰው በሰኔ 2021 ነው።

እንግዲህ እኔ «ይጨርሱ» ነው ያልኩት። ጨርሰው ነበር። የጨረሱት ግን እኔ የማልጫወትበት ማሽን ላይ ነው። «የኮንሶሉን ቅጂ አላሳዩኝም፣ ስለዚህ ስለ እሱ መናገር አልችልም» ብለው የጻፉ ነበሩ፤ እነዚያ ለእኔ ከማንም በላይ የተዘጋጁት ናቸው። ሌሎቹ ነጥቡን በትልቁ ሰጥተው ይህችን ነገር ታች ቀበሯት።

አንድ ነገር ግን አልለቅም። ታሪክ ያለው ጌም ላይ «ታሪኩ ድንቅ ነው» ለማለት መጨረሻውን ማየት ግዴታ ነው። ያላየ ሰው ጅማሬው ድንቅ ነው ይበል።

ደንገል | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

በዚህኛው እስማማለሁ፤ ጅማሬው ድንቅ ነው ይበል።

ነጥብ ካነሳህ አይቀር፣ ዝግጅት የሚገባን ለእኛ ለሚሰሙት ብቻ አይደለም። ፎልአውት ኒው ቬጋስ በ2010 ሲወጣ፣ የሠራው ኦብሲዲያን የተባለው ስቱዲዮ የገምጋሚዎችን ነጥብ በሚሰበስበው ሜታክሪቲክ ድረ ገጽ ላይ አማካዩ 85 ከደረሰ ተጨማሪ ክፍያ ሊያገኝ ውል ነበረው። የደረሰው 84 ነው። ይህን ከስቱዲዮው መሪዎች አንዱ በ2012 ራሱ ተናግሯል። ጌሙ ሲወጣ ችግር እንደነበረበት አውቃለሁ፤ ነጥቡ ውሸት ነው አላልኩም። ግን ከነዚያ ሁሉ ገምጋሚዎች አንዱ በችኮላ፣ ሜኑ ሳይከፍት ቁጥር ጽፎ ቢሆንስ? አንዲት ነጥብ የሰው እንጀራ ላይ ልትቆም ትችላለች።

ዘጌ ማዶ | ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50

እናንተ የምታወሩት ስለ ሰዓትና ስለ ማሽን ነው። ሌላም ዝግጅት አለ።

እኔ በጀልባ እንግዳ ይዤ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የምሄድ አስጎብኚ ነኝ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ፊት ቆሜ ስለ ሥዕሉ ስናገር፣ ትውፊት የሆነውን «ይባላል» ብዬ፣ የተጻፈውን «ተጽፏል» ብዬ ለይቼ ነው። እንግዳው ልዩነቱን አያውቅም፤ አገሩ ሲገባ የሚደግመው የእኔን ቃል ነው።

ማታ ማታ የምጫወተው የስትራቴጂ ጌም ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በ2015 የአፍሪካ መንግሥታት የሚል ተጨማሪ ሲያወጣ ኢትዮጵያውያን ገቡ፤ ልዩ ወታደራቸው ባለ ሾተል ነው፤ የዮዲት ዘመቻም አለው። ሲቪላይዜሽን 6 ደግሞ በሐምሌ 2020 ኢትዮጵያን ጨመረ፤ መሪዋ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ ልዩ ችሎታቸው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይባላል። ከተሞችህን ኮረብታ ላይ ስትቆረቁር፣ ከሚያፈሩት የእምነት ነጥብ አንድ ድርሻ ያህል የዕውቀትና የባህል ነጥብ ይጨመርልሃል።

በአማርኛ ያየሁት ቪዲዮ ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ አለፈው፤ «የእኛም አገር ገብታለች፣ ደስ ይላል» ብሎ። ደስ ይላል፣ እኔንም ደስ ብሎኛል። ግን ሾተል ለምን እንደዚያ እንደተቆለመመ፣ ከጋሻ ጀርባ ያለውን ሰው ለመድረስ መሆኑን፣ እኛ ካልነገርን ማን ይናገር? ምኒልክ ሚኒስትሮችን የሾሙት በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ጌም ሠሪው ይህን ፈልጎ አግኝቶ ለችሎታ ስም አድርጎታል። ሩቅ አገር ያለው ሰው ይህን ያህል ከተዘጋጀ፣ ስለ ሥራው በአማርኛ የሚናገረው ሰው አንድ ማታ ማንበብ አይገባውም? ስለ ዮዲትም እንዲሁ ነው፤ የቱ ትውፊት፣ የቱ የተጻፈ፣ የቱ የጌሙ ፈጠራ እንደሆነ ካልለየልኝ ልጄ ሁሉንም ታሪክ ብሎ ይይዘዋል።

ቀበሌ 14 | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጌም ጌም ነው። ገምጋሚውን የታሪክ መምህር ካደረግነው ማንም አይሠራም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ጌሙ ይጥማል ወይ፣ የእኔ ላፕቶፕ ይሸከመዋል ወይ የሚለውን ነው።

ዘጌ ማዶ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30

ወንድም ዓለም፣ መምህር ይሁን አላልኩም። የማያውቀውን ነገር ሲደርስበት ዝም ብሎ ይለፈው፣ ወይም ጠይቆ ይናገር። ለመኪና ጌም የሾተል ዕውቀት አያስፈልግም። ጌሙ ራሱ የተሠራበትን ነገር ግን አለማወቅ፣ የዘጌን ቡና ሳይቀምሱ ስለ ቡናው መናገር ነው።

ካሜራና ጆይስቲክ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

ሁሉንም አነበብኩ። ዛሬ ሥራ ላይ ሆኜም ከአእምሮዬ አልወጣም። ከአሁን በኋላ ቪዲዮው ሲጀምር፣ ሙዚቃው ከመግባቱ በፊት፣ ይህችን እናገራለሁ፦ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ማሽን፣ ብቻዬን ወይስ ከሰው ጋር፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን፣ እስከ የት እንደደረስኩ። ያልሞከርኩትን አልሞከርኩም እላለሁ። ከሌላ ሪቪው የሰማሁትን ሰማሁ እላለሁ። ከአምስቱ የቆዩ ቪዲዮዎቼ በሦስቱ ላይም እርማት ጽፌ ከላይ አስቀምጫለሁ፤ ሁለቱን ግን አጠፋኋቸው፤ የሚታረሙ አይደሉም።

አንድ ችግር ግን አለብኝ። ቤቴ ያለው ጆይስቲክ አንድ ነው። ለሁለት ሰው የሚሆነውን የምሞክርበት የለኝም።

ባለ ጌም ቤት | ረቡዕ፣ ማታ 1፡35

እኔ ቤት 8 ጆይስቲክ አለ። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ልጆቹ ክፍል ስለሚሆኑ ማሽኖቹ ባዶ ናቸው። ሒሳብ አልጠይቅህም። መጀመሪያ የከሰርኩበትን የመኪና ጌም እንክፈተው፤ ብቻውን ለሚነዳ ሰው ምናልባት ጥሩ ይሆናል፤ እሱንም ማንም በደንብ አልነገረንም።

ካሜራና ጆይስቲክ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡38

ነገ 2 ሰዓት እመጣለሁ። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅለህ ጠብቀኝ።

ደንገል | ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

ክፍል ስለሌለኝ እኔም እመጣለሁ። ሁለተኛውን ጆይስቲክ እኔ ልያዝ፤ ቀስ ብሎ የሚጫወት ሰውም መሞከር አለበት።